ለክፉ ቀን የተቀመጠች ክብሪት

ጎንደር ውስጥ መልክ የሚያሳይ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ያ የእናኑ ክንዱ እጅ ነው። መቼም እንጨቱን የጠረበው ሌላ ነው፤ የሸጠው ሌላ ነው፤ ምስጋናውን የወሰደውም ሌላ ነው። ቫርኒሹን ግን የረጨችው እሷ ናት። ከፒያሳ ቁልቁል ሲወርዱ በሚገኘው የአያ አወቀ የእንጨት ሥራ ቤት አራት ዓመት ሠርታለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ አጠር፣ አንደበቷ ረዘም ያለ ነው። አንድ ቁም ሳጥን ስትጨርስ በእጇ ጀርባ ዳሰስ ታደርገውና "አሁን ገና ሰው ሆነ" ትላለች። ሰው ያልሆነውን ደግሞ አያ አወቀ ቢቆጣም፣ የዕቃው ባለቤት ደጅ ላይ ቆሞ ቢለማመጥም፣ ከክፍሏ አታወጣም።

አዎ፣ ክፍሏ ነው የሚባለው። ከግቢው ጥግ ያለች፣ አንድ በርና አንድ መስኮት ያላት ጠባብ ቤት ናት። አናጢዎቹ በመጋዝ ብናኝ ተሸፍነው ሲውሉ እናኑ በዚያች ቤት ከኮምፕሬሰሯ፣ ከመርጫዋና ከቲነር ጣሳዎቿ ጋር ብቻዋን ትውላለች። በሩ ላይ አያ አወቀ በቀይ ቀለም "እሳት ክልክል ነው" ብሎ በገዛ እጁ ጽፏል። ቲነር ቀልድ አያውቅም። አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ ሲጋራውን እንደያዘ ወደዚያ በር ቢጠጋ፣ መልካሙ የሚባለው ግዙፍ አናጢ ጣውላ ይዞ እስከ አስፋልቱ አባሮታል። ሰውዬው ያዘዘውን አልጋ ለመውሰድ እንኳ ወንድሙን ነው የላከው።

ከእናኑ አፍንጫ ሥር፣ ከላይኛው ከንፈሯ ላይ፣ ምስር የምታክል ጠባሳ አለች። ምን ሆነሽ ነው ሲሏት ፍየል ረግጣኝ ነው ትላለች። መልካሙ ያችን ፍየል በጣም ያደንቃት ነበር፤ እንዲህ ያለ ዒላማ ያላት ፍየል ወታደር ቤት መግባት ነበረባት እያለ ያሾፋል። እሷም አብራው ትስቃለች። እውነቱ ግን ሌላ ነው።

እናኑ ትክል ድንጋይ አጠገብ ባለ ገጠር፣ ከገበሬ ቤት ነው የተወለደችው። በስምንት ዓመቷ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ምንጩ ዳር ወደቀች፤ ተንቀጠቀጠች፤ አረፋ ደፈቀች። የሚጥል በሽታ ነበር። ከዚያ በኋላ በወር አንዴም ሁለቴም ይጥላት ጀመር። በአገሩ ደግሞ ሰው ሲወድቅ ክብሪት ይጫራል። ጭሱ በአፍንጫው ሲገባ ያነቃዋል ይባላል፤ ልጅ ከአባቱ፣ አባትም ከአያቱ የሰማው ነው። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። የሚወዱት ሰው መሬት ላይ ሲንፈራፈር እጅን አጣጥፎ ማየት አንጀት አይችልም፤ ክብሪት መጫር ደግሞ ቢያንስ አንድ ነገር ማድረግ ነው።

እናቷ የትነበርሽ ከዚያን ቀን ጀምሮ ክብሪት ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው የምትኖረው። ገበያ ስትወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም፣ ልቅሶ ስትደርስ ያቺ ቋጠሮ አትለያትም። እናኑ አሥር ዓመት በሞላት ጊዜ፣ አንድ ቀን የእናቷ እጅ በድንጋጤ ተንቀጠቀጠና የሚነደው ክብሪት የልጅቱ ከንፈር ላይ አረፈ። ፍየል የተባለችው እንግዲህ የትነበርሽ ናት። ስለዚያች ጠባሳ እናትና ልጅ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። የትነበርሽ የልጇን ፊት ስታጥብ እንኳ ያቺን ቦታ ዘልላ ነበር የምታልፈው።

እናኑ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ጎንደር አክስቷ ዘንድ ስትመጣ ጤና ጣቢያ ተወሰደች፤ እዚያ ሲስተር ኤሌኒ የምትባል ነርስ በየማታው የሚዋጥ እንክብል አስጀመረቻት። የትነበርሽ ጠበሉ ሊቀርባት ነው ብላ ብትጨነቅ፣ የቤቱ የነፍስ አባት ጠበሉንም ትጠጣ፣ እንክብሉንም በጠበሉ ትዋጠው ብለው ገላገሏት። መውደቁ እየራቀ ሄደ። እነሆ አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆናት፣ አንድ ቀን አልወደቀችም።

ይሁን እንጂ በእንጨት ሥራ ቤቱ ለማንም አልተናገረችም። ምክንያት ነበራት። ከዚህ በፊት በአንድ ምግብ ቤት ስትሠራ ወድቃ ነበር። በማግስቱ ስትመጣ ውሃ የጠጣችበት ብርጭቆ ቆሻሻ ውስጥ ተጥሎ አገኘችው። ማንም ቃል ሳይናገራት ገባት፤ ሽርጧን አጣጥፋ አስቀመጠችና ወጣች። ያን ቀን ከእንግዲህ ብሞትም አልናገርም አለች። አበው "በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም" ያሉት እንዲህ ያለችዋን ግትር አይተው መሆን አለበት።

ነገሩ የተነሣው በጥር መጨረሻ፣ ለእንክብሏ ቀጠሮ በሄደች ጊዜ ነው። ሲስተር ኤሌኒ ልብሷን አሸተተችና የት ነው የምትውዪው አለቻት። እናኑ ነገረቻት። ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ራስን የሚያዞር ሽታ ለማንም አይበጅም፣ ለአንቺ ደግሞ ይብሳል፤ ይህን ሥራ ብትተዪው ደስ ይለኛል አለች። እናኑም ሌላ ሥራ ስጪኝና ዛሬውኑ ልተወው ብላ መለሰችላት። ሲስተር ኤሌኒ የምትሰጠው ሥራ አልነበራትም፤ ምክር ግን ነበራት። በርና መስኮት ሳይከፈት እንዳትረጭ፣ በጨርቅ ሳይሆን ማጣሪያ ባለው ጭምብል እንድትሸፈን፣ በየግማሽ ሰዓቱ ወጥታ ንጹሕ አየር እንድትስብ፣ በእንቅልፏ እንዳትቀልድ ነገረቻት። ከሁሉ በላይ ግን አብረዋት ለሚውሉት እንድትናገር አጥብቃ መከረቻት። ስትወድቂ በጎንሽ ያስተኙሽ፤ ከራስሽ ሥር ለስላሳ ነገር ያድርጉ፤ ወደ አፍሽም ወደ አፍንጫሽም ምንም አያስጠጉ፤ ሰዓት ይያዙ፤ አምስት ደቂቃ ካለፈ ሆስፒታል ይውሰዱሽ ብላ አንድ በአንድ አስጠናቻት።

እናኑ መንገዱን ሁሉ ስታስብ መጣችና መልካሙን መረጠች። መልካሙ ልቡ ሰፊ ነው፤ ወሬ አያመላልስም። ሥራ ሲፈታ ደጅ ላይ ጠብቃ፣ የሚጥል በሽታ አለብኝ፣ ለማንም እንዳትናገር ብላ በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። እሱ ገና አፉን ሳይከፍት ባጃጅ አስቁማ ሄደች። በሽታውን ተናገረች፤ ምን ይደረግ የሚለውን ለነገ አሳደረችው። ግማሽ ነገር ከዝምታም የከፋ መሆኑን ያን ጊዜ አላወቀችም።

በማግስቱ ጠዋት ክፍሏን ከፍታ ስትገባ ከበሩ ጀርባ አዲስ ሚስማር ተመትቶ አየች። ሚስማሩ ላይ ትንሽ ፌስታል ተንጠልጥሏል። ፌስታሉ ውስጥ ገና ያልተከፈተ ክብሪት ነበር።

መልካሙ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ። ሌሊቱን ሲያስብላት እንዳደረ ፊቱ ያስታውቃል።

"አይዞሽ እህቴ፣ ለክፉ ቀን ነው" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በዚያ ሰዓት ክብሪት ፍለጋ ከምሯሯጥ ብዬ ነው። አንድ ነገር ብትሆኚ እዚሁ አሽትቼ አስነሣሻለሁ።"

መልካሙ ነው እኮ! ሲጋራ የያዘውን ሰው በጣውላ ያባረረው መልካሙ፣ "እሳት ክልክል ነው" ከሚለው ጽሑፍ ጀርባ፣ በዚያው ሳንቃ ላይ፣ ክብሪት ሰቅሎላታል። ሞኝ ሆኖ አይደለም። ለእሱ ሲጋራ እሳት ነው፤ ለወደቀ ሰው የሚጫር ክብሪት ግን መድኃኒት ነው። አያ አወቀም ቢሆን፣ ጎረቤቱም ቢሆን፣ እናቷም ብትሆን እንዲያው ናቸው። በእነዚህ አራት ዓመታት ውስጥ አንድ ቀን እዚህ ወድቃ ቢሆን ኖሮ፣ ከመካከላቸው ደጉ ሰው ቀድሞ ሮጦ ይደርስና ሁሉንም አመድ ያደርጋቸው ነበር። እስከዚያ ቀን ስትፈራ የኖረችው የሰውን ክፋት ነበር። ያን ጠዋት ደግነታቸውን ፈራች።

ፈራች፤ ግን እናኑ ስትፈራ ቁጣዋ ነው የሚመጣው። ክብሪቱን ከነፌስታሉ ነጥቃ ወደ ግቢው መሃል ወጣችና መጋዙን አጥፉ ብላ ጮኸች። አያ አወቀ ከነሻይ ብርጭቆው ብቅ አለ። ሌሎቹ ሁለት አናጢዎችም ሥራቸውን ትተው መጡ። ከእንጨቱ ሁሉ ርቃ፣ ባዶው አፈር ላይ፣ በጣሳ ክዳን ትንሽ ቲነር አስቀመጠች። ሁሉንም ወደ ኋላ ፈቀቅ አደረገቻቸው። ከዚያ ክብሪት ጭራ ወረወረች።

ክብሪቱ ክዳኑ ላይ አልደረሰም። ገና ሳያርፍ እሳቱ ቡፍ ብሎ ተነሣና ተቀበለው። አያ አወቀ ሻዩን እጁ ላይ ደፋው።

"የሚጥል በሽታ አለብኝ" አለች እናኑ። "ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ። አይጋባም፤ ብርጭቆዬን መጣል አያስፈልግም። ይህች ጠባሳ የፍየል አይደለችም፣ የክብሪት ናት። እናቴ በፍቅር ያሸተተችኝ ክብሪት ናት። ሜዳ ላይ ከንፈሬን ብቻ ነው ያቃጠለኝ። እዚያ ቤት ውስጥ ግን እኔንም፣ የጫረውንም፣ ይህን ግቢ በሙሉም ይበላል። ስወድቅ ጎትታችሁ አውጡኝና በጎኔ አስተኙኝ። ሰዓት ያዙ። ሌላ ምንም አታድርጉልኝ። ምንም እንዳታደርጉልኝ ነው የምለምናችሁ።"

መልካሙ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቀረ፤ በዚያች ፍየል የሳቀው ሳቅ ሁሉ ትዝ ብሎት አፈረ።

አያ አወቀስ ምን ቢል ጥሩ ነው? የተቃጠለ እጁን በጨርቅ እየጠቀለለ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከዚያች ክፍል ወጥተሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት ይዘሽ እንጨት ታለሰልሻለሽ አላት። የሰው ነፍስ በደጄ እንዲጠፋ አልፈልግም አለ። ከልቡ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ለእናኑ ግን ሞት ነው የነገራት። በዚያች ክፍል ውስጥ ሰው የሚያየው ሥራዋን ነበር። ከዚያች ክፍል ከወጣች የምትሆነው እንደገና ያቺው ብርጭቆዋ የሚጣልባት ልጅ ነው።

"አያ አወቀ፣ መልካሙ በመጋዙ ሁለት ጣቱን አጥቷል" አለችው። "ከመጋዙ አነሣኸው?"

"የሱ ሌላ ነው።"

"ምኑ ነው ሌላ? ለመጋዙ መከላከያ አሠራህለት እንጂ ብርጭቆ ወረቀት አልሰጠኸውም። ለእኔም መከላከያዬን ስጠኝ። መስኮቱና በሩ ይከፈት፣ ጭምብል ግዛልኝ፣ አንድ ሰው ድምፄ በሚሰማበት ይዋል። አይሆንም ካልህ የደብሩን ቁም ሳጥን ራስህ ርጨው።"

ይህች የመጨረሻዋ አጥንቱ ድረስ ገባች። አንድ የኪዳነ ምሕረት ደብር ለቅዱሳት መጻሕፍት ማስቀመጫ የሚሆን ትልቅ ቁም ሳጥን አዝዞ ነበር፤ ለየካቲት አሥራ ስድስት ንግሥ መድረስ አለበት። አያ አወቀ ቫርኒሽ ሲረጭ ደግሞ እንጨቱ ያለቀሰ እንደሚመስል ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ ራሱም ያውቃል።

"አንቺን የሚጥልሽ በሽታው አይደለም፣ ይኸ አፍሽ ነው" አለና ራሱን ነቀነቀ። "ይሁን፤ እስከ ኪዳነ ምሕረት እናያለን። እዚያ ውስጥ አንድ ቀን ብትወድቂ ግን እቆልፈዋለሁ፤ ቁልፉንም ዳግመኛ አታዪውም።"

ከዚያ ቀን ወዲያ እናኑ ግቢውን ትምህርት ቤት አደረገችው። በሽተኛ እንዲሆን የተመረጠው መልካሙ ነበር፤ ከሁሉ የከበደው እሱ ስለሆነ፣ እሱን መገልበጥ የቻለ እናኑን አያቅተውም ተባለ። መሬት ላይ ይዘረጋላቸዋል፤ በጎኑ ያገላብጡታል፤ ጋቢ አጣጥፈው ከራሱ ሥር ያደርጋሉ፤ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ደቂቃ ይቆጥራል። መልካሙ በሦስተኛው ቀን ልምምዱ መሃል እንቅልፍ ወስዶት አንኮራፋ፤ ሳቁ መንገድ ድረስ ተሰማ። በቀዩ ጽሑፍ ሥርም እናኑ በራሷ እጅ "ሰው ሲወድቅ፦ ወደ ውጭ፤ በጎኑ፤ ምንም አታሽትቱ፤ ሰዓት ያዙ" ብላ ጨመረችበት። ሁሉንም አስተማረች። ከአንድ ሰው በቀር። ለእናቷ ስለ ክብሪት መናገር ስለ ጠባሳዋ መናገር ነው፤ ለዚያ ደግሞ አንደበተ ረጅሟ እናኑ አንደበት አልነበራትም።

የካቲት አሥራ አምስት፣ በዋዜማው፣ የመጨረሻው ቫርኒሽ የሚረጭበት ቀን ሆነ። ሦስት ቀን አምሽታ ሠርታለች፤ እንክብሏን አላሳለፈችም፣ በእንቅልፏ ግን ቀልዳበታለች። የትነበርሽም ለንግሡ ብላ ያን ቀን ጠዋት በአውቶቡስ ከች አለች፤ ቅቤዋንና ቆሎዋን ይዛ ልጄን ሳላይ እህል አልቀምስም ብላ ሥራ ቤቱ ድረስ መጣች። ግቢው ውስጥ ጥላ ፈልገው በርጩማ ሰጧት። እናኑ ጭምብሏን አውልቃ እናቷን ስማ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ጠብቂኝ ብላት ተመለሰች።

የየካቲት ነፋስ መጣ። መጀመሪያ መስኮቱን አንኳኳ፤ ቀጥሎ ከመጋዙ ሥር ያለውን ብናኝ ሁሉ አንሥቶ ወደ ክፍሏ ይዞት ገባ። እናኑ እርጥቡ ቫርኒሽ ላይ የመጀመሪያዋ ብናኝ ስታርፍ አየች፤ የሚነድ ክብሪት ያረፈባት ያህል አመማት። አራት ዓመት ሙሉ ከእጇ ሰው ያልሆነ ዕቃ ወጥቶ አያውቅም፣ ነገ ደግሞ ቀሳውስቱ ሊያዩት ነው። አሥር ደቂቃ ብቻ ብላ መስኮቱን ዘጋችው። በሩም ሲንጓጓ እሱንም ሳብ አድርጋ ዘጋችው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። ያን ሁሉ ሰው ያስተማረች ሴት የራሷን ሕግ በራሷ እጅ ሻረች።

አሥሩ ደቂቃ ሃያ ሆነ፤ ሃያው ሠላሳ ሆነ። ቁም ሳጥኑ ማብረቅ ጀመረ። ያኔ ነው አፏን ሳንቲም ሳንቲም ያላት። ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ መጀመሪያ ሳንቲም፣ ቀጥሎ የግራ አውራ ጣቷ ዘለል ዘለል። አራት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ሳይመጣ የቀረው እንግዳ ደጅ ቆሟል። አልጮኸችም። መርጫውን መሬት አስቀመጠች፤ ኮምፕሬሰሩን አጠፋች። ከበሩ የሚለያት ሦስት እርምጃ ነበር። ቆጠረቻቸው። በሩን በትከሻዋ ገፋችው፤ ደፉን ተሻገረች፤ መልካሙን ጠራች።

የቀረውን እሷ አላየችም፤ በኋላ ነው የነገሯት። መልካሙ መጋዙን እንደበራ ጥሎ እንደ ሮጠ፣ ከደፉ አርቆ እንደ ጎተታት፣ በጎኗ እንዳስተኛት ነገሯት። አንዱ የሥራ ካፖርቱን አጣጥፎ ከራሷ ሥር አደረገ፤ ሌላው መጋዙን አጥፍቶ በስልኩ ሰዓት መቁጠር ጀመረ። እንደ ልምምዱ ነው፤ ሳቅ ብቻ ነው የጎደለው። የተዘጋው ክፍል በር ግን ከኋላቸው ወለል ብሎ ቀርቶ ነበር፤ በውስጡ የታፈነው የቲነር ሽታም ወደ ግቢው ይፈስሳል።

የትነበርሽ ከበርጩማዋ ስትነሣ ቋጠሮዋን እየፈታች ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት የተለማመደችው እጅ ነው፤ ማሰብ አያስፈልገውም። ሌሎቹ እናኑን ሲያዩ እሷን ያየ የለም። የልጇ ራስ አጠገብ ተንበርክካ የክብሪቱን እንጨት ከቀፎው ጎን ላይ አስደግፋለች። ያን ጊዜ አያ አወቀ ደረሰና ሁለቱን እጆቿን ከነክብሪቷ በሁለት እጆቹ ጨበጣቸው።

"ልቀቀኝ! ልጄ እየሞተች እጄን ትይዛለህ?"

"አልሞተችም እማማ። እየቆጠርን ነው።"

ታገለችው፣ ረገመችው፣ ማርያምን ጠራችበት። እሱ እየተረገመ አልለቀቃትም። አንድ ደቂቃ አለ የስልኩ ሰው። ሁለት ደቂቃ አለ። ሁለት ደቂቃ ከሠላሳ ሲሆን የእናኑ እጅ ላላ፤ ትንፋሿ ረጅም ሆነ።

እናኑ ስትነቃ መጀመሪያ የመጣላት ሽታው ነው። የዋንዛ ብናኝ ሸተታት፤ የመልካሙ ላብ ሸተታት፤ ከእናቷ ነጠላ የገጠር ቅቤ ሸተታት። አንድ የጎደለ ነገር ነበር፣ ምን እንደሆነ ለመለየት ቆየች። ክብሪት አልሸተታትም። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወድቃ ስትነሣ ጉሮሮዋን የሚከረክር ጭስ የለም። እንባዋ መጣ።

"አላሸተቱኝም" አለች። "እማዬ፣ ከንፈሬ አልነደደም።"

የትነበርሽ ሰማቻት። እጆቿ አሁንም በአያ አወቀ መዳፍ ውስጥ ነበሩ። መታገሉን ተወችና ጣቶቿን ፈታች፤ ክብሪቷ አያ አወቀ እጅ ውስጥ ቀረች። ከዚያ ልጇን አቅፋ አለቀሰች፣ የዚያን ቀኑን ብቻ ሳይሆን የአሥራ ስድስት ዓመቱንም።

አያ አወቀ ግቢው እስኪረጋጋ ጠበቀና መስኮቱን ማን ዘጋው ብሎ ጠየቀ። እናኑ እኔ ነኝ አለች፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የበሽታው አይደለም፤ ለብናኝ ብዬ የሰው ነፍስ ረሳሁ። አያ አወቀ ከኪሱ የክፍሏን ቁልፍ አወጣ። እናኑ ዓይኗን ከቁልፉ አልነቀለችም።

"እዚያ ውስጥ ብትወድቂ እቆልፈዋለሁ ብዬ ነበር" አለ። "ቃሌን አላጥፍም። አንቺ ግን እዚያ ውስጥ አልወደቅሽም፤ በእግርሽ ወጥተሽ ደጅ ነው የወደቅሽው።" ከዚያ ወደ መልካሙ ዞረ። "ካቻቢቴ አምጣ። መስኮቱንም በሩንም ከነማጠፊያው ንቀልልኝ።"

ነቀሉት። የቲነር ጣሳዎቹ ርቆ ወዳለ ቁም ሳጥን ሄዱና ቁልፉ ለዚያ ዋለ። ለአቧራው ስስ መጋረጃ ተሰቀለ። ሲስተር ኤሌኒ በሳምንቱ እናኑን ለግማሽ ሰዓት ተቆጣቻት፤ እንክብሉን አስተካከለችላት፤ ስለተነቀለው በር ስትሰማ ግን ሳቋን መያዝ አቃታት። የደብሩ መሪጌታ ቁም ሳጥኑን ዞር ዞር እያሉ አይተው ሸጋ ነው አሉ። ከታችኛው ሳንቃ ላይ አንዲት ብናኝ ነበረች፤ እሳቸው አላዩዋትም። እናኑ አይታታለች፤ ትታታለችም።

የትነበርሽ ንግሡ አልፎ ስትመለስ አያ አወቀ ክብሪቷን መለሰላት። ለምድጃ ትሆንዎታለች እማማ አላት። የትነበርሽ ተቀበለቻትና ከነጠላዋ ጫፍ ሳይሆን ከጨውና ከሳሙናው ጋር ዘንቢሏ ውስጥ ጨመረቻት። ስለ ጠባሳዋ ያን ጊዜም ምንም አልተባለም።

መጋቢት ሲጋመስ ከትክል ድንጋይ ስልክ ተደወለ። እናኑ ገና ጭምብሏን ስታወልቅ ነበር። የትነበርሽ በስልክ ስታወራ ማዶ ላለ ሰው የምትጣራ ይመስላታል፤ መልካሙም ከመጋዙ ዘንድ ሆኖ ሁሉን ሰማ። የጎረቤቷ የወልደ ዮሐንስ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ምስጢር የምትባለው፣ አጥር ሥር ወድቃ ነበር። አባትየው ክብሪት ይዞ ሲሮጥ የትነበርሽ ደርሳበታለች።

"ሁለት እጁን ያዝሁት" አለች የትነበርሽ። "ሰደበኝ፣ ገፈተረኝ፤ አለቀቅሁትም። ልጅቱን ሚስቱ በጎኗ አስተኛቻት።"

"ስንት ደቂቃ ቆየች?"

"ሰዓት ከየት አመጣለሁ? አባታችን ሆይ ደገምሁ። አምስተኛውን ስጀምር ዓይኗን ገለጠች። ማክሰኞ ይዘናት እንመጣለን፤ ለዚያች ሲስተርሽ ንገሪያት።"

እናኑ እሺ እነግራታለሁ አለች። ስልኩን ልትዘጋ ስትል እናቷ ቀጠለች።

"ከንፈሯን አየሁት እናኑ" አለች የትነበርሽ። ይህን ጊዜ አልጮኸችም። "በጣቴ ዳስሼ አየሁት። ሸጋ ነው፤ ምንም አልነካው።"